ጆሮ ሳይከፈት አንደበት አይፈታም

ሊቃውንት መምህሮቻችን ስለ ሰው ባሕርይ ሲያስተምሩ፣ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ለባዊት ናትና ታስባለች፤ ነባቢት ናትና ትናገራለች፤ ሕያዊት ናትና ሥጋ ሲፈርስ አትፈርስም። ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌውም ልጁም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ከዚሁ ትምህርት አንድ ከባድ ጥያቄ ይወለዳል። ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ መስማት የተሳነው ሕፃን አንድ ቃል ሳይናገር ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው፣ ስለ ነፍሱ ምን እንላለን? ነባቢትነቷ ጐድሎአልን? ወይስ ነፍሱ እንደ እኛ ነፍስ ምልእት ሆና ሳለች፣ መውጫ በር አጥታ በውስጥ ተዘግታለች? ሁለተኛው እውነት ከሆነ በሩን መክፈት የማን ድርሻ ነው? እስከ መቼስ ሳይዘገይ ሊከፈት ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈቀድነው ይህን ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ግልጥ ነው። የበገና ጅማት ቢበጠስ የደርዳሪው ዕውቀት አይጠፋም፤ መሣሪያው ተጐዳ እንጂ ባለሙያው አልተጐዳም። እንዲሁም የሥጋ ጆሮ ቢዘጋ ነፍስ ከባሕርይዋ አትጐድልም። ሆኖም ምሳሌው በዚህ አያበቃም። አስቀድሞ የተማረ ደርዳሪ በገናው ቢሰበር ሙያው በልቡ ይኖራል፤ ገና ያልተማረ ልጅ ግን በገና ሳይጨብጥ ቢያድግ ደርዳሪ አይሆንም። ሕፃንም እንዲሁ ነው። በሸመገለ ጊዜ ጆሮው የከበደ ሰው ቋንቋውን አስቀድሞ በልቡ አኑሮአል፤ ሳይሰማ የተወለደ ሕፃን ግን ሌላ መንገድ በጊዜው ካልተከፈተለት፣ ከነፍሱ ጋር የተሰጠው የመናገር ኃይል ሳይሠራ ይቀራል። እንግዲህ የጉዳዩ ክብደት ያለው በዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን የመናገሻን አገር ስንመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። እጅ እግራቸው የተጐዳ ሕፃናት የሚታገዙበት የቼሻየር ማገገሚያ የሚገኘው በመናገሻ ነው። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የቆመውም በሰበታ ነው። ከአንድ ትውልድ በላይ የዘለቁት እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሰው የወንድሙን ጕዳት በዓይኑ ካየ ዝም ለማለት እንደማይቻለው ይመሰክራሉ። የሚያነክስ ልጅ በሩቅ ይታያል፤ ማየት የተሳነውም በእጁ ሲዳስስ ይታወቃል። መስማት የተሳነው ሕፃን ግን ምልክት የለውም። ዓይኑ ብሩህ ነው፤ እግሩ ሮጦ ይሄዳል፤ ይስቃል፤ ያለቅሳል፤ ጡት ይጠባል። ስለዚህ ችግሩን ሰው ሳያውቅለት ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ዓመታትን ያሳልፋል።

የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓትም በዚህ ረገድ ሊታሰብበት ይገባል። ከጥንት ጀምሮ በየጉባኤ ቤቱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሲማሩ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ታላላቅ የዜማ፣ የቅኔና የትርጓሜ መምህራን ወጥተዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ትምህርታችን በአብዛኛው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ፣ በቃል የሚጠና ስለ ሆነ ነው። ዓይን ባይኖር ጆሮ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ዓይን ለሌለው ሰፊ የሆነው በር፣ መስማት ለተሳነው የተዘጋ ግድግዳ ሆነ። ፊደል የሚቈጠረው በድምፅ፣ ዳዊት የሚደገመው በድምፅ፣ ዜማው የሚቀጸለው በድምፅ ነውና። መምህሮቻችን ጨክነው ያባረሩት አይደለም፤ ወደ ደጃቸው የሚያመጣው ሰው ጠፋ እንጂ። ወላጁም «ይህ ምን ይማራል?» ብሎ ከከብት ጋር አሰማራው።

ከዚህም የሚብሰው በቋንቋችን የገባው ፍርድ ነው። በአማርኛ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ ነገር ግን ይኸው ቃል ዕውቀት የሌለው፣ አእምሮው የጨለመ ለማለትም ሲነገር እንሰማለን። «ድንቁርና» ስንልም የጆሮን ሕማም ሳይሆን አለማወቅን ማለታችን ነው። እነሆ፣ ሕማሙና ነቀፋው በአንድ ስም ተጠሩ። አባቶቻችን ሁለቱን አንድ ያደረጉት በክፋት አይመስለንም፤ መስማት የተሳነው ሰው ሳይማር ሲቀር አይተው ነው። ዳሩ ግን ያየነው ያለመማሩን ውጤት ሆኖ ሳለ የባሕርዩ ጉድለት አድርገን መቍጠራችን ታላቅ ስሕተት ነው። ያልታረሰ መሬት አረም ቢያበቅል መሬቱን ጭንጫ ነው ማለት አይገባም። በኦሪት ዘሌዋውያን እግዚአብሔር መስማት የማይችለውን ሰው እንዳንሰድብ ያዘዘው፣ እርሱ ስድቡን ሰምቶ መመለስ ባይችልም እግዚአብሔር ስለሚሰማለት ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ልጁ እንዲህ ሆኖ የተወለደው በአባቱ ወይም በእናቱ ኃጢአት ነው ይላሉ። ይህንም ጥያቄ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ለጌታ አቅርበውለት ነበር። ጌታም እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ፣ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት መሆኑን ነገራቸው። ሲመልስላቸውም ንግግሩን በዚያ አላቆመም፤ ቀን ሳለ ሥራ መሥራት እንደሚገባ፣ ማንም ሊሠራ የማይችልባት ሌሊት እንደምትመጣ ጨምሮ አስተማራቸው። ምክንያቱን በመመርመር የቆዩትን ደቀ መዛሙርት ወደ ሥራና ወደ ጊዜ መለሳቸው። ለእኛም የሚሻለን ማን በደለ ብሎ መጠየቅ ሳይሆን ቀኑ ሳይመሽ ምን ይደረግ ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለ ጊዜው ስንናገር፣ ወንጌላዊው ሉቃስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የጻፈውን እናስብ። እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ ገብታ ሰላምታ በሰጠች ጊዜ፣ በማሕፀን ያለው ዮሐንስ በደስታ ዘለለ። ኤልሳቤጥም በፀነሰች በስድስተኛው ወር መልአኩ ገብርኤል ወደ ድንግል ማርያም እንደ ተላከ በዚያው ምዕራፍ ተጽፎአል። የዮሐንስ መዝለል በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ምሥጢር ነው፤ ከተራ ነገር ጋር አናስተካክለውም። ነገር ግን የዛሬ ሐኪሞች መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ፅንስ ለድምፅ ምላሽ መስጠት የሚጀምረው በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ሕፃን ሲወለድ ለድምፅ እንግዳ አይደለም፤ የእናቱን ድምፅ ሦስት ወር ያህል ሲሰማ ቆይቶ ይወለዳል። ያልሰማው ሕፃን ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ቀርቶአል።

የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እንደ ረሰረሰ እርሻ ነው። ዝናሙ ሳያልፍ የተዘራ ዘር ይበቅላል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚዘራ ግን ምንም ያህል ቢደክሙለት እንደ መጀመሪያው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት የወጣ ጥናት፣ የመስማት ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ ወዲያው እርዳታ ያገኙ ሕፃናት፣ ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ እጅግ ልቀው መገኘታቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሐኪሞች አንድ ሥርዓት አወጡ፤ ሕፃን በተወለደ በአንድ ወር ውስጥ ጆሮው ይፈተን፤ ችግር ቢጠረጠር እስከ ሦስት ወር በምርመራ ይረጋገጥ፤ እስከ ስድስት ወርም እርዳታው ይጀመር አሉ።

የፈተናውም ነገር የፈጣሪን ጥበብ የሚያስደንቅ ነው። ጤነኛ የሆነ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው፣ ራሱ እጅግ ረቂቅ የሆነ ድምፅ መልሶ ያወጣል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጠው ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ የሳይንስ ሊቅ ነው። ሐኪሙ በተኛው ሕፃን ጆሮ ትንሽ መሣሪያ አግብቶ ድምፅ ይልካል፤ የጆሮውንም መልስ ይመዘግባል። ሕፃኑ አይታመምበትም፤ ሥራውም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የጆሮው መልስ ከታጣ ሌላ ጥልቅ ምርመራ ይከተላል። እንግዲህ ሕፃን መናገር ባይችልም ጆሮው ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ እናት፣ አያትና ሞግዚት የሚያስተውሉት ምልክት የመጀመሪያው በር ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ሲሆን ካልደነገጠ ወይም ካልባነነ፤ በአራትና በአምስት ወሩ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ጸጥ ካላለ፤ በስድስትና በሰባት ወሩ ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ ካልዞረ፤ በአሥር ወሩ «ባባ»፣ «ማማ» እያለ ድምፅ ካልደጋገመ፤ በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካላስተዋለ፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አገጣጥሞ ካልተናገረ፣ «ይደርሳል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እናት «ልጄ የሚሰማኝ አይመስለኝም» ብላ ስትጠራጠር ጥርጣሬዋ አይናቅ። ከእርስዋ ይልቅ ለልጅዋ የቀረበ ማን አለ?

ወላጆች የሚታለሉባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ሌላው ሕፃን «አጉ» ማለቱ ነው። ይህ ከራሱ ባሕርይ የሚመጣ እንጂ ከሰማው የተማረው አይደለም፤ በኋላም የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው በፊቱ ሆነው ሲያጨበጭቡለት መዞሩ ነው። ዓይኑ እጃቸውን ያያል፤ ፊቱ ንፋሱን ይሰማዋል፤ በር ሲዘጋና ከበሮ ሲመታ ሰውነቱ ንዝረቱን ያውቃል። ስለዚህ የሚፈትነው ሰው ሕፃኑ በማያየው በኩል ሆኖ፣ ሳይነካውና ንፋስ ሳያደርስበት በለሆሳስ ይጥራው። ይህም ቢሆን ጥርጣሬን ለማንቃት እንጂ ሐኪምን ለመተካት አይደለም፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የማይሰማ ወይም ጥቂት የሚሰማ ሕፃን በዚህ አይታወቅምና። ሦስተኛው «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» የሚለው የዘመድ ማጽናኛ ነው። ማጽናኛው በፍቅር ይነገራል፤ ነገር ግን የሕፃኑን ክረምት ይበላበታል።

ሌሎችም «ምላሱ ታስሮ ነው» ብለው ከምላሱ ሥር ያለውን ጅማት ያስቈርጣሉ። በዚህ ነገር የጌታችንን ሥራ ቅደም ተከተል ልናስተውል ይገባናል። ወንጌላዊው ማርቆስ በሰባተኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ መስማት የተሳነውንና አንደበቱ የተያዘውን ሰው ባመጡለት ጊዜ፣ ጌታ አስቀድሞ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ከዚያ ምላሱን ዳሰሰ። «ኤፍታህ» ባለም ጊዜ መጀመሪያ የተከፈቱት ጆሮዎቹ ናቸው፤ የምላሱም እስራት የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው የተናገረው ከሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ የማይናገር ሕፃን ሲገጥመን ከምላሱ በፊት ስለ ጆሮው እንጠይቅ።

በዚሁ ታሪክ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። ጌታ ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ በመዳሰስና ወደ ሰማይ በመመልከትም ሊያደርግለት ያለውን ነገር በዓይኑ እንዲያይ አደረገው። ለማይሰማው ሰው እርሱ በሚያስተውለው መንገድ ተናገረው ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው በራሱ እንዳልመጣ መጻፉ ነው። የጌታን ዝና ሰምቶ መምጣት አይችልም ነበር፤ የሰሙት ሰዎች አመጡት እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ እምነት ከመስማት እንደሆነ ያስተማረውን አንብበን፣ የማይሰማው ከእምነት ውጭ ነው ብለን ብንደመድም የሐዋርያውን ሐሳብ እንስታለን። ሐዋርያው ያለ ሰባኪ እንዴት ይሰማሉ ብሎ የሚጠይቀው የሚላከውን ሰው ነው። እንግዲህ መስማት ለተሰጠን ሰዎች ቃሉ ፍርድ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ የሰማነውን ላልሰማው የምናደርስበትን መንገድ እንድንፈልግ ያስገድደናል።

እዚህ ላይ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል። አላውቅም ነበር የሚል ሰው በደለኛ ነውን? አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው ብንል ከአባቶች ትምህርት አንወጣም። አንደኛው የሚያስተምረው አጥቶ ያላወቀ ሰው አለማወቅ ነው፤ ሁለተኛው እንዳያውቅ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አለማወቅ ነው። በሱሉልታ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት ስለ ጆሮ ምርመራ የነገራት ሰው ከሌለ፣ ልጅዋ ሦስት ዓመት ዝም ቢል በደሉ በእርስዋ ላይ አይቈጠርም። ነገር ግን ጥርጣሬ በልቡ ገብቶ «ሰው ምን ይለኛል? ደንቆሮ ወለደ እባላለሁ» ብሎ ልጁን የሚደብቅ አባት በሁለተኛው ውስጥ ነው። ከሁለቱም ይልቅ የሚጠየቀው ግን አውቆ ያልነገረው ነው። ካህን ወይም መምህር ይህን ነገር ከሰማ በኋላ ዝም ቢል ያ ዝምታ ከሕፃኑ ዝምታ የከፋ ነው። ሕፃኑ የሚናገረው ቃል የለውም፤ እኛ ግን አለን።

ሌላው ጥያቄ የጸበል ነው። «እግዚአብሔር ከፈቀደ ይምረዋል፤ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እኛም በጸበል ለሚደረገው ተአምር ምስክሮች ነን፤ እምነታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ታማሚም ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል። ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ታላቁ ባስልዮስም በቂሣርያ ለድውያን ቤት ሠርቶአል። ጸበል የሚጠጣ ሕፃን በዚያው ሳምንት ጆሮው ቢመረመር ጸበሉ አይረክስም። ተአምርን የሚጠባበቅ ሰው ጊዜን እንዲያባክን አልታዘዘም፤ ጊዜም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ሁለት ዓመት ጸበል ብቻ እየተመላለሰ ሐኪም ሳያይ የቀረ ሕፃን የሚያጣው ሁለት ዓመት ሽማግሌ ከሚያጣው ሃያ ዓመት ይበልጣል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ እርዳታ የሚያሻው የመስማት ችግር ያለባቸው ሕፃናት በዓለም ላይ 34 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ገልጦአል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ከመቶው 60 ያህሉ ሊከለከል በሚችል ምክንያት የሚመጣ መሆኑንም አስታውቆአል። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና የማጅራት ገትር ጆሮን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ክትባት ከበሽታው ጋር መስማት መሳንንም ይከላከላል። በማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ሕፃን «ተረፈ፣ ተመስገን» ተብሎ ብቻ አይተው፤ የውስጥ ጆሮው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከሆስፒታል እንደወጣ ጆሮው ይመርመር። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ እጅግ ቢጫ የሆነ፣ ሲወለድ ታፍኖ የነበረ፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ይመርመር። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎች ሕይወትን ሲያድኑ ጆሮን ሊጐዱ ይችላሉና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ።

ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅም «የሕፃን ጆሮ ይፈሳል፣ ያድጋል» ተብሎ አይተው። ቅቤ፣ ዘይትና የቅጠል ጭማቂ በጆሮው ውስጥ ማንጠብጠብ ጕዳቱን ያብሳል። ይህ ሕማም በጊዜው ቢታከም የሚድን ነው፤ ቢዘገይ ግን የጆሮውን ታምቡር በስቶ መስማትን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይዘልቃል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ሕፃናትን ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ መልካም አይደለም። የምስጋናው ድምፅ ለትንሹ ጆሮ ጕዳት እንዳይሆን ማሰብ ከምስጋናው ሥርዓት አይወጣም።

ጆሮው በመድኃኒት የማይከፈት ሕፃንስ? ከፊሎቹ በመስሚያ መሣሪያ ይረዳሉ፤ ለከፊሎቹም በቀዶ ሕክምና በውስጥ ጆሮ የሚተከል መሣሪያ ተገኝቶአል። ይህ ሁሉ የማይደርሰው ሕፃን ግን ተስፋው አልተቈረጠም። ወደ ሉቃስ ወንጌል እንመለስ። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ ሕፃኑን ማን ብለው እንዲጠሩት በምልክት ጠየቁት፤ በምልክት መጠየቃቸውም መስማት ጭምር ተስኖት እንደ ነበር ያሳያል። እርሱም ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። እንግዲህ በምልክት መነጋገርና በጽሕፈት መመለስ በካህን ቤት የተደረገ፣ በወንጌል የተመዘገበ ነገር ነው። በእጅ የሚነገር ቋንቋ የዝቅተኛ ሰው ቋንቋ ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። ፊደላችንንም በእጅ ጣቶች የሚቀርጽ ሲሆን፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ሆሄያት በእጅ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያስተምረዋል። ሕፃኑ ምልክት ቢማር መናገር ይሰንፋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በጊዜው አንድ ቋንቋ ያገኘ አእምሮ ሌላውን ለመቀበል ይዘጋጃል፤ ምንም ያላገኘው ግን ለሁሉም ይደነዝዛል። በቤት የሚነገረው ኦሮምኛም ሆነ አማርኛ፣ ወላጆቹ ከሕፃኑ ጋር አብረው ምልክት ቢማሩ ልጁ በገዛ ቤቱ እንግዳ አይሆንም።

የቀድሞ ታሪክም ይህን ሥራ ለካህናት የሚያስገርም አያደርገውም። በ16ኛው መቶ ዓመት በስፔን አገር መስማት የተሳናቸውን ልጆች ያስተማረው ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሊዮን መነኵሴ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ትምህርት ቤት ከፍቶ በምልክት ያስተማረው ሻርል ሚሼል ደ ሌፔም ካህን ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባ የመካኒሳውና አልፋ የተባለው ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋሙ፣ በሩን የከፈቱት የሌላ እምነት ማኅበራትና ከባሕር ማዶ የመጡ ሚስዮናውያን ናቸው። መልካም ሥራቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን የዓይነ ስውራን መምህራንን ያፈራች ቤተ ክርስቲያን፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆችዋ ዘግይታ መነሣትዋ ሊያስቈጨን ይገባል። ዛሬ በአንዳንድ አድባራት ስብከተ ወንጌል በምልክት ቋንቋ መተርጐም መጀመሩ መጽናኛ ነው፤ ሊስፋፋም ይገባዋል።

በመጨረሻም ካህናት ምን እናድርግ? ከአገሪቱ ሹማምንትም ከሐኪሞችም ይልቅ ለእኛ የተሰጠ አንድ ዕድል አለ። ወንዱ በአርባ፣ ሴትዋ በሰማንያ ቀን ለክርስትና ትመጣለች፤ ሕፃኑ በእጃችን ይገባል። በቅብዐ ሜሮን ስናትመው ጆሮዎቹን እንቀባለን። ጆሮው ለእግዚአብሔር ቃል እንዲከፈት ጸልየን ስናበቃ እናቱን አንድ ጥያቄ ብንጠይቃት ምን ይቸግረናል? «ልጅሽ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል?» ብለን ብንጠይቅ ጸሎታችን ሥራ ያገኛል። አላየሁም ካለች እንድታስተውል እንንገራት፤ አይደነግጥም ካለች ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እንምከራት። ያ ቀን ሐኪሞች ካወጡት የጊዜ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ይደርሳልና።

የነፍስ አባት ደግሞ ቤት ለቤት ይገባል፤ የልጆቹን አስተዳደግ ያያል። ጥጉን ይዞ የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ «ይህስ ለምን አይናገርም?» ብሎ ይጠይቅ። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ተነሥቶ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳንና ቅዱስ ጳውሎስን ወደ መሰሉ የጆሮ ሐኪም ወዳለባቸው ሆስፒታሎች መሄድ ሩቅ አይደለም፤ ለድኻ እናት ግን የመሳፈሪያው ገንዘብና ከሥራ የምትቀርበት ቀን ከመንገዱ ይርቃል። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ፣ ዕድሩም፣ ለተዝካርና ለድግስ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለዚህ ቢያነሡ፣ ሽባውን ተሸክመው ጣራ ነድለው ያወረዱትን አራቱን ሰዎች ይመስላሉ። ጌታ በዚያ ስፍራ የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የሕፃኑ ነፍስ ነባቢት ናት፤ ከባሕርይዋ የጐደለ የለም። መናገርዋ በውስጥ ተዘግቶ እንዲቀር ወይም በአፍ፣ በእጅ፣ በጽሕፈት ወጥቶ ፈጣሪውን እንዲያመሰግን የሚያደርገው ግን የእኛ መትጋትና መዘግየት ነው። ሕፃኑ ደጁን ሊያንኳኳ አይችልም፤ ደጅ መኖሩንም አልሰማም። የሰማን እኛ ነን፤ የምንከፍተውም እኛ ነን፤ ክረምቱም ሳያልፍ ነው።